አዴት ላይ የተንበረከከችው ሬንጅ ሮቨር

ነገሩ ወዲህ ነው፡፡ ጥር 2015 ዓ.ም. የዘመድ ሠርግ ጠርቶኝ ወደ አዴት ወርጄ ነበር፡፡ አዴት ከባሕር ዳር በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የይልማና ዴንሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችና በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቅ የጎጃም ከተማ ናት፡፡ እኔም ያችን እድሜ ጠገብ ሬንጅ ሮቨሬን ይዤ ነበር የሄድኩት፡፡ ማታ በአጎቴ ልጅ ግቢ ቀጥ ብላ ቆማ ተውኳት፡፡ ጠዋት ስወጣ ግን ሲያርስ እንደዋለ በሬ በአራቱም እግሯ ተንበርክካ አገኘኋት፡፡ ሙሽራ ልታጅብ የመጣች መኪና ራሷ አጃቢ ፈለገች!

ለእርዳታ የተጠራው በከተማው የከባድ መኪና ጥገና ላይ የሚሠራ ወጣት ነበር፡፡ ጎንበስ ብሎ ከጎማው በላይ ያለውን አየና፣ «ጋሼ፣ ባሌስትራም ሞላም የላትም እኮ! በምንድን ነው የቆመችው?» አለኝ፡፡ «በአየር» አልኩት፡፡ ሳቀ፡፡ «አየር ከሆነማ ያፈሳል፡፡ ሞተሩን ያስነሱልኝና ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ ይስጡኝ» አለ፡፡

ሞተሩን አስነሳሁ፡፡ መኪናዋ እያቃሰተች ቀስ በቀስ ተነሳች፡፡ ልጁም ጎሚስታ ካላማዳሪ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው አረፋውን በየጎማው በላይ ባሉት የአየር ከረጢቶች ላይ ይቀባ ጀመር፡፡ በኋላ በግራ በኩል፣ ላስቲኩ ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ አረፋው ተንተከተከ፡፡ «ይኸውልዎት» ብሎ ክንዱን በጎማውና በአካሏ መካከል ሲያስገባ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ከ35 ማይል፣ ማለትም ከ56 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዳልነዳ የሚያዝ ማስጠንቀቂያ በራ፤ መኪናዋም ድንገት መውረድ ጀመረች፡፡ ልጁ ክንዱን የነጠቀው ለጥቂት ነው፡፡ ከ2 ቶን በላይ የምትመዝን መኪና ናት፡፡

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 ነበር፡፡ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፡፡ ሕጉስ ይቅር፤ የሰው ልጅ ክንድ በምን ይተካል? ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ባለመኪና ከሁሉ በፊት ይህችን ይያዝልኝ፡፡ በአየር የቆመች መኪና ሥር፣ አካሏ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ሳይያዝ፣ እጅም ሆነ ጭንቅላት አይገባም፡፡ ክሪክ ብቻውን ድጋፍ አይባልም፡፡

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፡፡ ሬንጅ ሮቨር በ1970 እ.ኤ.አ. ስትወለድ እንደ ሌሎቹ የብረት ሞላ ነበራት፡፡ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘው የአየር አቋቋም የመጣው በ1992 ሲሆን፣ በ1994 የወጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ፣ ማለትም የእኔ ዓይነቷ፣ በአራቱም ጎማዎች ላይ አየር ይዛ መጣች፡፡ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር አየር ስቦ በማድረቂያ ውስጥ ያሳልፍና በማጠራቀሚያ ጋን ውስጥ ወደ 10 ባር ያምቀዋል፡፡ ይህ ጎማችን ውስጥ ካለው አየር አራት እጥፍ ገደማ ነው፡፡ ከዚያ በቫልቮች ሳጥን አማካይነት አየሩ ለአራቱ ከረጢቶች ይታደላል፡፡ በየጎማው ያሉ ከፍታ ለኪዎች ለኮምፒውተሩ ወሬ ያቀብላሉ፤ እሱም ይፈርዳል፡፡ ፍጥነት ከ80 ኪሎ ሜትር አልፎ ሲቆይ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ መንገዱ ሲከፋ በአዝራር ከፍ ትደረጋለች፡፡

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ መኪናዋ ቆማም ቢሆን ራሷን ታስተካክላለች፡፡ አንዱ ከረጢት ሲያፈስ ሌሎቹን ሦስቱን ከእሱ ጋር እኩል ለማድረግ አየራቸውን ትለቅቃለች፡፡ ባለቤቱ ጠዋት ሲመጣ አራቱም ወርደው ያያቸውና «ዋናው ማሽን ሞተ» ይላል፡፡ ያጠፋው አንድ ሆኖ ሳለ የተቀጡት አራት ናቸው፡፡

እኔም የወደቅሁት በዚሁ ስህተት ነው፡፡ ያን ቀን እያነከስን ባሕር ዳር ደረስን፤ ከዚያ መኪናዋ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባች፡፡ አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ጋራዥ ኮምፕረሰሩ መቃጠሉን አረጋግጦ «ይቀየር» አለኝ፡፡ የአዴቱ ልጅ ያየውን ብነግራቸውም «የገጠር መካኒክ» ብለው ሳቁ፡፡ እኔም፣ ኀፍረቴን አልደብቅም፣ አብሬ ሳቅሁ፡፡ አዲሱ ኮምፕረሰር ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ተቃጠለ፡፡

ምክንያቱ ግልጽ ነበር፡፡ ኮምፕረሰሩ ለአጭር ጊዜ ሠርቶ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፡፡ የሚያፈስ ከረጢት ካለ ግን ሳያርፍ ሲነፋ ይውላል፡፡ በዚያ ላይ አዲስ አበባም ሆነ አዴት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፡፡ በእንዲህ ዓይነት ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል፡፡ ያንኑ ጋን ለመሙላት ኮምፕረሰሩ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት ማለት ነው፡፡ ስለዚህ የተቃጠለ ኮምፕረሰር ብዙውን ጊዜ ወንጀለኛው ሳይሆን ተጎጂው ነው፡፡ እኛ ግን በቦታው ሞቶ ስላገኘነው ብቻ ፈረድንበት፡፡

በሦስተኛው ሙከራ ሥራውን በቅደም ተከተል አስኬድኩት፡፡ መጀመሪያ የማታ ምርመራ ነው፡፡ መኪናዋ ራሷን እንዳታስተካክል መቆጣጠሪያው ይነቀላል፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎማ መሐል እስከ መከላከያው ጠርዝ ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ይጻፋል፡፡ ጠዋት እንደገና ይለካል፡፡ አንዱ ጎን ብቻ ወርዶ ከተገኘ ከረጢቱ ወይም ቱቦው ይጠረጠራል፡፡ ቀጥሎ ሳሙናው ይመጣል፡፡ አረፋ ከረጢቱ ላይ ሳይታይ መኪናዋ ከወረደች ደግሞ ተጠርጣሪው የቫልቮቹ ሳጥን ነው፤ በውስጡ ያሉ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች በዕድሜ ይደርቃሉ፡፡

ከረጢቶች ሲቀየሩ ቢያንስ ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ በአንድነት ይቀየሩ፤ አብረው ያረጁ ናቸውና፡፡ አዲስ ከረጢት አየር ሳይገባበት የመኪናዋን ክብደት አይሸከም፤ ታጥፎ ይቀደዳል፡፡ የቱቦው ጫፍ በስለት ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ሰያፍ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ያፈሳል፡፡ ማድረቂያው ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጭ ጥራጥሬ ይታደስ፤ ካልታደሰ ውኃ ወደ ቫልቮቹ ይሄዳል፡፡ ኮምፕረሰሩ የሚታየው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፒስተኑን ማሸጊያ በመቀየር ብቻ ይድናል፡፡ በመጨረሻም የተመዘገበው ጥፋት በኮምፒውተር ተሰርዞ የአራቱ ጎን ከፍታ ይስተካከላል፡፡ ይህን ኮምፒውተር የሌለው ጋራዥ ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል፡፡

«ለምን የብረት ሞላ አታስገባባትም?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፡፡ መልሴ እንደየሰው ይለያያል፡፡ ኮምፒውተርም መለዋወጫም በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው ሞላ ቢያስገባ አልነቅፈውም፡፡ ሆኖም ለመኪናዋ ክብደት የተሠራ ሞላ ይሁን፤ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተገጠመ ብረት አያያዟን ያበላሻል፡፡ ሲሸጣትም ለገዢው ይንገረው፤ አውቆ የደበቀው ጉድለት ነገ ፍርድ ቤት ያስቆመዋል፡፡ ለእኔ ግን፣ በጥሩ ሁኔታ የተጠገነ አየር በወጣ ገባ መንገድ ላይ የሚሰጠውን ምቾት ሞላ አልሰጠኝም፡፡

ጉዳዩ የቅንጦት ነው የሚለኝ ካለ ዙሪያችንን እንይ፡፡ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 እድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፡፡ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ መለዋወጫም አብሮ ዘለለ፡፡ እጃችን ላይ ያለው አሮጌ መኪና ብዙዎቻችን የማንተካው ንብረት ሆኗል፡፡ በግምት ዕቃ እየቀየሩ መጠገን ድሮ ገንዘብ ማባከን ነበር፤ ዛሬ መኪናውንም ያሳጣል፡፡

መኪናዋ ከተጠገነች በኋላ የአዴቱን ልጅ ደውዬ አገኘሁት፡፡ ያፈስ የነበረው እሱ ያሳየኝ የኋላ ግራ ከረጢት መሆኑን ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅሁት፡፡ ጥቂት ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ አረፋው እኮ አይዋሽም» አለኝ፡፡ ለምስጋና ሄጄ ላገኘው አስቤ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን አካባቢው በግጭት ውስጥ ስለገባ ጉዞው ሳይሳካ ቀረ፡፡ መንገዱም ሰላም አግኝቶ፣ ልጁም በሰላም እየሠራ እንዲቆየኝ እመኛለሁ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡