ለደካማ ጉልበት የምትሆን ብስክሌት

ከደቻቱ ወደ ከዚራ ለትምህርት ስመላለስ፥ ደም ማነስ ካደረብኝ ወዲህ ጉልበቴ በመንገድ ላይ ይከዳኝ ጀመር። አባቴም የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊገዙልኝ በወደዱ ጊዜ ሁለት ዐይነት አገኘን።

አንደኛይቱ የእግርን ኃይል መዝና ታግዛለች፤ ይኸውም ጠንክሮ ለሚረግጥ አብዝታ፥ ለደከመ ግን አሳንሳ ነው። ሁለተኛይቱ የፔዳሉን መዞር ብቻ አይታ ሞተሯን ታስነሣለች። ለእኔ ቢጤ ይህችኛዋ ትሻላለች።

የባትሪን ጉልበት ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ማባዛት ነው፤ 36 ቮልት በ10 ቢባዛ 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። አባቴ ትልቁን ባትሪ መረጡ። እኔ ግን ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ ያን ሁሉ ክብደት በደቻቱ አሸዋ ላይ የምገፋ እኔ ነኝና፥ ቀላሉን ለመንኋቸው።

ሙቀትም ባትሪን ያስረጃል፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ የታወቀች ናት። ስለዚህ ተነቃዩን ወሰድን። አሁን ባትሪዬን ታቅፌ ክፍል ስገባ ጓደኞቼ ይሥቁብኛል።