ጄ-1 ወይስ ኤች-1ቢ፦ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚጋበዝ ምሁር የቪዛ ምርጫ

ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ወይም የምርምር ግብዣ የሚደርሰው ኢትዮጵያዊ መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚያመዛዝነው ደመወዙንና የቆይታውን ጊዜ ነው፤ የቪዛው ዓይነት የጋባዡ ተቋም ጉዳይ ተደርጎ ይተዋል። ይሁን እንጂ ምሁሩ ሥራው ሲያበቃ ምን ዓይነት ቦታ መያዝ እንደሚችልና የትዳር ጓደኛው የመሥራት መብት እንዳለው የሚወስነው ይኸው ቪዛ ነው።

ጄ-1 እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የትምህርትና የባህል ልውውጥ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። መነሻ ሐሳቡ ዕውቀት ተለዋውጦ ወደ አገር መመለስ በመሆኑ ለቋሚ የመምህርነት ቅጥር አያገለግልም። ጋባዡ ተቋም ዲኤስ-2019 የተባለውን ቅጽ ይልካል፤ ምሁሩም ቅጹን ይዞ በኤምባሲ ያመለክታል። በተመራማሪነት ወይም በፕሮፌሰርነት ዘርፍ እስከ 5 ዓመት፣ በአጭር ጊዜ ምሁርነት ዘርፍ ደግሞ እስከ 6 ወር መቆየት ይፈቀዳል። የትዳር ጓደኛም የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል።

በጄ-1 ላይ የሚነሡ ሁለት ገደቦች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የመጀመሪያው በአገር ቤት የ2 ዓመት የመኖር ግዴታ ነው። ግዴታው ወጪያቸው በአሜሪካ ወይም በአገራቸው መንግሥት የተሸፈነላቸውን፣ ሙያቸው ለአገራቸው በተዘጋጀው የተፈላጊ ሙያዎች ዝርዝር የተካተተባቸውን እና ለድኅረ ምረቃ የሕክምና ሥልጠና የሄዱትን ይመለከታል። ግዴታው ያለበት ሰው ሳይፈጽመው ወይም ሳይነሣለት ኤች-1ቢም ሆነ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አያገኝም፤ አሜሪካዊ ዜጋ ማግባትም ከግዴታው ነፃ አያወጣም።

ሁለተኛው የ24 ወር ገደብ ነው። በተመራማሪነት ወይም በፕሮፌሰርነት ዘርፍ የገባ ምሁር ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ፣ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ በእነዚሁ ዘርፎች ለመመለስ 24 ወር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ለ2 ወር ምርምር የተጋበዘ መምህር ቅጹ በአጭር ጊዜ ምሁርነት ዘርፍ እንዲዘጋጅለት ቢጠይቅ የረጅሙ ዕድል አይዘጋበትም።

ኤች-1ቢ ከዚህ የተለየ የቅጥር ቪዛ ነው። አመልካቹ ቀጣሪው ሲሆን፣ አስቀድሞ በአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ማረጋገጫ ማጸደቅ ይኖርበታል። ፈቃዱ በመጀመሪያ እስከ 3 ዓመት ይሰጣል፤ በመደበኛነት እስከ 6 ዓመት ይራዘማል። ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከትን ስለማይከለክል ለቋሚ የመምህርነት ቦታ ተስማሚ ነው። የግል ኩባንያዎች የሚወዳደሩበት የ65,000 እና ተጨማሪ የ20,000 ዓመታዊ ኮታ ዩኒቨርሲቲዎችን አይመለከትም። በአንጻሩ የትዳር ጓደኛ በአብዛኛው መሥራት አይፈቀድለትም። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ዐዋጅ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ አዲስ ተቀጣሪዎች በሚቀርብ ጥያቄ ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ በመጣሉ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ጄ-1 ይበልጥ ቢያዘነብሉ አያስገርምም።

ሦስተኛው አማራጭ ኦ-1 ሲሆን፣ በሙያቸው የላቀ ዕውቅና ላተረፉ ይሰጣል። የ2 ዓመት ግዴታ ያለበት ምሁርም ከአሜሪካ ውጭ ባለ ኤምባሲ አመልክቶ ሊያገኘው ይችላል፤ ሆኖም ግዴታው በዚህ አይሰረዝም።

ከዚህ በመነሣት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ጠብቆ በፈቃድ ለሚሄድ መምህር ጄ-1 ከዓላማው ጋር ይጣጣማል፤ መመለሱ አስቀድሞ የታሰበ ነውና። ቋሚ ቅጥር የሚሻ ግን ጄ-1 ከመቀበሉ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይገባል፤ እነርሱም የገንዘቡ ምንጭ፣ በቅጹ የተመዘገበው ዘርፍና የ2 ዓመቱ ግዴታ ይመለከተው እንደሆነ ናቸው። ገንዘቡ ከመንግሥት መምጣቱ ከዓመታት በኋላ ቢታወቅም ግዴታው አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ግን ቀጣሪው ቦታውን ለሌላ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል።