ቀስት የሌለው ጉዞ፦ «ሞሮዊንድ» እና የአቅጣጫ ስሌት

እ.ኤ.አ. በ2002 ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሞሮዊንድ» የተሰኘውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። ጨዋታው ተጫዋቹን ቫርደንፌል በምትባል ምናባዊ ደሴት ላይ ካወረደው በኋላ ወደ ተልዕኮው የሚመራ ቀስት አያሳየውም። ያለው የሰዎች ቃል፣ ቃሉ የሚመዘገብበት ማስታወሻ፣ የመንገድ ዳር ሰሌዳና እርሱ የቆመበትን ስፍራ የሚያመለክት ካርታ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ የት እንዳለ ያውቃል፤ ብዙውን ጊዜ የማያውቀው የሚሄድበትን ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ተልዕኮዎች አንዱን እንመልከት። ተጫዋቹ ከባልሞራ ከተማ ተነሥቶ አርክንግትሃንድ ወደሚባል ፍርስራሽ መሄድ አለበት። መመሪያው በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከከተማው ወጥቶ ወደ ሙንሞዝ ምሽግ ማምራት፣ ቀጥሎ የቀለጠ አለት የጠረገውን ሸለቆ በጥንታዊው ድልድይ መሻገር፣ ከማዶም ፍርስራሹን መፈለግ ነው። ደርሶም በሩ ዝም ብሎ አይከፈትም፤ በአቅራቢያው ያለውን መዘውር ማዞር ያሻል። ለአዲስ አበባ ልጅ እንዲህ ያለው አነጋገር እንግዳ አይደለም፤ «ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ታጠፍና ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ» ሲባል ያደገ ነውና።

ምሽጉና ድልድዩ ለምን አስፈለጉ? «ወደ ምሥራቅ ሂድ» ቢባል አይበቃም ነበርን? እስቲ እናስላው። አቅጣጫን በስምንት ስሞች ብቻ የምንጠራ ከሆነ እያንዳንዱ ስም 45 ዲግሪ ይሸፍናል። ስለዚህ «ምሥራቅ» የተባለው ስፍራ ከትክክለኛው ምሥራቅ በግራም በቀኝም እስከ 22.5 ዲግሪ ሊርቅ ይችላል። የዚህ ማዕዘን ታንጀንት 0.414 ገደማ ነው። ተጓዡ በቀጥታ 1000 እርምጃ ወደ ምሥራቅ ቢሄድ ግቡ ከጎኑ እስከ 414 እርምጃ ርቆ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። በጨዋታው ውስጥ ደግሞ ሩቁ ምድር በጉም የተሸፈነ ስለሆነ ከዚያ ርቀት የሚታይ ነገር የለም።

ያው መንገድ በየ250 እርምጃው ምልክት ቢኖረውስ? በእያንዳንዱ ክፍል የሚፈጠረው ስህተት ከ104 እርምጃ አይበልጥም፤ ምልክቱ በተገኘ ቁጥርም ስህተቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ወንዝና ሸለቆ ከዚህም ይሻላሉ። የወንዝ ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው አቅጣጫ አይስትም፤ ማወቅ ያለበት ምን ያህል መሄድ እንዳለበት ብቻ ነው። በሁለት ልኬት የነበረው ጥያቄ ወደ አንድ ልኬት ወረደ እንላለን። ከባልሞራ ወደ ደቡብ የሚፈሰውን የኦዳይ ወንዝ ተከትሎ ባሕር ዳር የደረሰ ተጫዋች፣ ቀመሩን ባያውቀውም በተግባር ፈትቶታል።

በእርግጥ በ«ሞሮዊንድ» ውስጥ የተሳሳተ መመሪያ የሚሰጡ ገጸ ባሕርያትም አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አይመለከተውም፤ መረጃን ከሚታየው ምድር ጋር ማመሳከር የሳይንስም ሥራ ነው።

የአእምሮን ድርሻ በተመለከተ፣ ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንስሳው በተወሰነ ስፍራ ሲገኝ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን ከባልደረባው ጋር አሳወቀ፤ ለዚህም በ2014 ከሜይ ብሪት እና ኤድቫርድ ሞሰር ጋር የኖቤልን ሽልማት ተጋራ። በ2017 ደግሞ ሂዩጎ ስፓየርስና ባልደረቦቹ በለንደን የሶሆ ሰፈር መንገዶች ላይ የተመሠረተ ጥናት አወጡ። ተሳታፊዎቹ መንገዱን ራሳቸው ሲመርጡ፣ ወደ አዲስ ጎዳና በገቡ ጊዜ የሂፖካምፐስ እንቅስቃሴ ይጨምር ነበር፤ የመሣሪያ መመሪያ ሲከተሉ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። ከዚህ ተነሥቶ ጨዋታ አእምሮን ያሳድጋል ማለት ግን ከመረጃው በላይ መናገር ይሆናል።

የዚያው ኩባንያ «ኦብሊቪዮን» በ2006 ሲወጣ በኮምፓሱ ላይ የተልዕኮ ጠቋሚ ነበረው። በ2011 የወጣውን «ስካይሪም» ጠቋሚውን አጥፍቶ ለመጫወት የሞከረ ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት መንገዱን በቃል አይናገሩትም። ቀስቱ ስላለ መናገር አላስፈለጋቸውም። «አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ» በ2018 ጠቋሚ የሌለበት የአሰሳ ምርጫ ይዞ ሲመጣ፣ አዘጋጆቹ ስፍራው በየትኛው አውራጃ፣ ከየትኛው ምልክት በስተየት እንደሆነ የሚገልጹ ፍንጮችን አብረው ማስገባት ነበረባቸው።