አክሲዮንን ወደ ጡረታ ቁጠባ ማዛወር፦ ሽያጭ ነው ወይስ አይደለም?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው በስሙ የያዘውን አክሲዮን ራሱ ወደ ከፈተው የጡረታ ቁጠባ ቢያዛውር፣ ሸጠ ይባላልን? ንብረቱ ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው የተሻገረ ይመስላልና ብዙዎች «አይባልም» ይላሉ። የግብር ሕግ ግን የተለየ መልስ አለው። ለማስረጃ የካናዳን ሥርዓት እወስዳለሁ፤ በዚያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከልም ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው አሉና።

በካናዳ የተመዘገበ የጡረታ ቁጠባ ዕቅድ የሚባለው ሥርዓት የተጀመረው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ዕቅዱ የገባ መዋጮ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ይቀነሳል፤ በውስጡ የሚፈራው ትርፍም ወጪ እስኪደረግ ድረስ ግብር አይጣልበትም። የዓመቱ መዋጮ ባለፈው ዓመት ተሠርቶ ከተገኘው ገቢ 18 በመቶ ሲሆን፣ ለ2025 ከ32,490 ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከቀደሙት ዓመታት ሳይሠራበት የቀረ መብት ካለም ይደመርበታል። መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በአክሲዮን ገበያ በተመዘገበ አክሲዮንም ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ አክሲዮኑ ወደ ዕቅዱ ሲገባ፣ ሕጉ ባለቤቱ በዕለቱ የገበያ ዋጋ እንደ ሸጠው ይቆጥራል። ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት መምህርት በ4,000 ዶላር የገዛችው አክሲዮን ዋጋው 10,000 ደርሷል እንበል። ስታዛውረው 10,000 ዶላር ከገቢዋ ይቀነስላታል፤ በአንጻሩ 6,000 ዶላር የካፒታል ትርፍ እንዳገኘች ተቆጥሮ፣ ግማሹ 3,000 ዶላር በገቢዋ ላይ ይጨመራል። ገንዘብ በእጇ ሳይገባ ለትርፉ ግብር ተጠየቀች ማለት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ሙሉው ዋጋ ከተቀነሰላት፣ ከዚያ ውስጥ ገና ግብር ያልተከፈለበት ጭማሪ ሊታሰብ ይገባልና።

አክሲዮኑ በከሰረ ጊዜ ግን ሚዛኑ ያጋድላል። በ10,000 ዶላር የተገዛው ወደ 6,000 ቢወርድና እንዲሁ ቢዛወር፣ የ4,000 ዶላሩ ኪሳራ በሕግ ፊት እንዳልነበረ ይቆጠራል። የሕጉ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰውየው በእውነቱ ከንብረቱ ስላልተለየ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ኪሳራ እንዳይፈጥር ይከለክለዋል።

መፍትሔው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የከሰረውን አክሲዮን አስቀድሞ በገበያ መሸጥ፣ ከዚያም ገንዘቡን ማዋጣት። እንዲህ ሲሆን የኪሳራው ግማሽ በዚያው ዓመት ከተገኘ የካፒታል ትርፍ ይቀናነሳል፤ ከተረፈም ወደ ኋላ 3 ዓመት ይመለሳል፣ ወይም ያለ ጊዜ ገደብ ወደ ፊት ይተላለፋል። ነገር ግን ባለቤቱም ሆነ ዕቅዱ ያንኑ አክሲዮን ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ገዝቶ ከያዘ፣ ኪሳራው ተቀባይነት ያጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዕቅዱ የሚወጣ ገንዘብ በአብዛኛው እንደ ተራ ገቢ ግብር ይከፈልበታል። በግል ለተያዘ አክሲዮን የሚሰጠው የግማሽ ትርፍ ስሌትና ለካናዳ ኩባንያዎች የትርፍ ድርሻ የሚሰጠው የግብር ቅናሽ በዕቅዱ ውስጥ አይሠሩም። ስለዚህ ከማዛወር በፊት የሚጠየቀው «ስንት ይቀነስልኛል?» ብቻ ሳይሆን፣ «ስንት ገዛሁት? ዛሬስ ስንት ያወጣል?» የሚለውም ነው።