ኩንታሉ የማይደርስበት ገመድ

ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በአከርካሪ አጥንቶች ቦይ ውስጥ የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱም የትንሽ ጣት ያህል ነው። አከርካሪው ግን ከእሱ ይረዝማል። ገመዱ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ቦዩን የሚሞሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ የነርቭ ሥሮች ናቸው።

በእህል ገበያው፣ በእህል በረንዳ፣ ገመዱ የሚያበቃበት ቦታ ቀላል ነገር አይደለም። ከጭነት መኪና ጤፍ የሚያወርድ ተሸካሚ 100 ኪሎውን ኩንታል ማጅራቱና ትከሻው ላይ አሳርፎ፣ አጎንብሶ ይራመዳል። እንዲህ ባለ ሥራ በብዛት የሚንሸራተቱት የመጨረሻዎቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ናቸው፤ ገመዱ ደግሞ እነሱ ጋ ሳይደርስ አብቅቷል። ስለዚህ ዲስኩ የሚጫነው ሥሮቹን ነው፤ ሕመሙም ከመቀመጫ ተነስቶ በአንድ እግር ይወርዳል፣ እግሩም ይደነዝዛል።

ገመዱ በአግድም ቢቆረጥ መሃሉ ላይ ቢራቢሮ የሚመስል ግራጫ ክፍል ይታያል፤ የነርቭ ሕዋሳት ያሉት እዚያ ነው። ዙሪያውን ያለው ነጭ ክፍል መልእክት የሚያመላልሱ ክሮች ጥቅል ነው። 31 ጥንድ ነርቮች ከገመዱ ይወጣሉ፤ ስሜት በጀርባ በኩል ይገባል፣ የእንቅስቃሴ ትእዛዝ በፊት በኩል ይወጣል። ጣት የጋለ ምጣድ ሲነካ እጅ የሚሰበሰበው በገመዱ ትእዛዝ ነው፤ አንጎል ማቃጠሉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ኩንታሉ ያልደረሰበትን ገመድ አንድ ጥራጥሬ ይደርስበታል፤ ጓያ። ጓያ ድርቅንም የተኛ ውሃንም ስለሚችል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ የድሃ ቤት ዋና ምግብ ይሆናል። ለወራት በብዛት ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ክሮች ይጎዳል። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደንቢያ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደላንታ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙዎችን ሽባ አድርጓል። የሚፈላው ጓያ እንፋሎት ነው የሚሰብረው የሚሉ አሉ፤ የሚሰብረው ግን መብላቱ ነው። ጤፍ ወይም ሌላ እህል አብሮት ሲበላ ጉዳቱ ይቀንሳል።

የተጎዳው እግር አይልፈሰፈስም፤ ይገተራል፣ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ ሰውየውም በጣቱ ጫፍ በዱላ ይሄዳል። ጉዳቱ አይመለስም። እሾህ ቢወጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሰማዋል፤ በጀርባ በኩል የሚገቡት ክሮች አልተነኩም።