ፍለጋ ያልደረሰበት ፋይል

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች የተፈቀደው የአንድ ዓመት ማራዘሚያም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ብዙ የቆዩ ማሽኖች በደንቡ መንገድ አይቀበሉትም። ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ በሚደርሰው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዳር፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤትም ሆነ በኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት፣ እንዲህ ያለ ዴስክቶፕ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ መጪው ጊዜ የፎርማትና የማሽን ቅየራ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ እንደገና ይጫናል። እንደገና የማይገኘው ፋይሉ ነው፤ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይም እሱ ነው።

ፎልደርን በፎልደር ውስጥ የመደርደር ሐሳብ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መልቲክስ በተባለው ሥርዓት ነው። አይቢኤም ሠራሽ ወደሆኑ የግል ኮምፒውተሮች የገባው በ1983 በኤምኤስ-ዶስ 2.0 ሲሆን፣ የፋይል ስም ከ8 ፊደል አይበልጥ የሚለው ገደብ ለብዙው ሰው የተነሳው በዊንዶውስ 95 ነው። ከዚህ የራቀ ታሪክ ለዛሬ አይጠቅመንም።

የሚጠቅመን እኛ ዘንድ የዳበረው ልማድ ነው። የመጀመሪያው «ዲ ላይ አስቀምጥ» የሚለው ነው። የጥገና ባለሙያዎች አንዱን ሃርድ ዲስክ ሲና ዲ ብለው ይከፍሉታል፤ ዊንዶውሱ ሲ ላይ ይቀመጣል፣ ሥራው ዲ ላይ። ኮምፒውተሩ በቫይረስ ሲታመም ሲ ፎርማት ይደረጋል፣ ዲ ይተርፋል። የፈረንጆቹ መመሪያዎች ይህን ሲያመሰግኑ አላየሁም፤ እኔ ግን ብልህ ልማድ ነው እላለሁ። ስንት የዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ በዚህ እንደተረፈ ባለሙያዎቹ ያውቃሉ። ሁለት ቀዳዳ ግን አለበት። አንደኛው፣ ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ። ሁለተኛው፣ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ የሚባሉት ቦታዎች ሲ ላይ መሆናቸውን ብዙው ሰው አያስተውልም። ፋይሉ ፊት ለፊት ስለሚታየው የትም የሚሄድ አይመስለውም፤ ሲ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ፍላሽ ነው። በፍላሽ ላይ የታወቀው መቅሠፍት ሾርትከት ቫይረስ ነው፦ ፎልደሮቹ በሙሉ ቀስት ወዳለበት ምልክት ይለወጣሉ፣ ባለቤቱም «ጠፋብኝ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ያጠፋው ቫይረሱ ሳይሆን ይህ ፎርማት ነው። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ የተደበቁ እንጂ የተሰረዙ አልነበሩም፤ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎችን አሳይ ብሎ ማዘዝ ወይም አትሪብ የምትባለው ትእዛዝ ይመልሳቸዋል። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶችም ላይ ዘግቷል፤ ቫይረሱ የቀጠለው እኛው ቀስቷን ስለምንጫናት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም።

ስለ ፎቶ ብዙ የምለው የለኝም። ካሜራው ዲሲአይኤም በሚል ፎልደር ውስጥ በቁጥር ይሰይማል፣ 9999 ሲደርስ ከአንድ ይጀምራል፤ የሰሜን ተራሮች አስጎብኚም ከሁለት ካሜራ የመጡ ጭላዳዎችን አንድ ፎልደር ውስጥ ሲጨምር «ይተካ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። «አዎ» እንዳይል ብቻ ነው።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የአማርኛ ጽሕፈት እዝባር (/) የሞላበት ነው፦ ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ገ/መድኅን። ዊንዶውስ ይህን እዝባር በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። ሁለት ነጥብንም (:) አይቀበልም፤ የራሳችንን ፡ ግን ሳይከራከር ይወስዳል። የመዝገብ ቤት የደብዳቤ ቁጥር በእዝባር የተከፋፈለ ስለሆነ እንዳለ የፋይል ስም መሆን አይችልም። ስለዚህ ጸሐፊዋ ቁጥሩን ትተወውና ወርድ የሚያቀርብላትን ስም ትቀበላለች። ወርድ የሚያቀርበው ደግሞ የሰነዱን የመጀመሪያ መስመር ነው። የእኛ ደብዳቤ የሚጀምረው ወይ በ«ቁጥር» ነው፣ ወይ በ«ቀን»፣ ወይ «ለ» ብሎ በተቀባዩ ስም። ከጥቂት ወራት በኋላ ፎልደሩ «ለወገራ ወረዳ» እያሉ በሚጀምሩ ስሞች ይሞላና የትኛው ስለ ማዳበሪያ፣ የትኛው ስለ ዝውውር እንደሆነ ሳይከፍቱ ማወቅ አይቻልም።

ርዝመትም አለ። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ 3 ባይት ይወስዳል። ዊንዶውስ ለፋይል ስም 255 ፊደል ሲፈቅድ ሊኑክስ የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ ለአማርኛ ሲመነዘር 85 ፊደል መሆኑ ነው። «የ2017 በጀት ዓመት የ9 ወር የዕቅድ አፈጻጸም» እያለ የሚረዝም ስም ዊንዶውስ ላይ ሰላም ሆኖ ሊኑክስ ላይ «አልገለብጥም» የሚለው ለዚህ ነው።

የወራቱ ሰልፍ ደግሞ አስቂኝ ነው። ወራቱን በስማቸው ፎልደር ከፍታችሁ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ተራ ብትደረድሯቸው የምታገኙት ይህን ነው፦ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ነሐሴ፣ የካቲት፣ ግንቦት፣ ጥር፣ ጥቅምት፣ ጳጉሜን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የፋይናንስ ሠራተኛው ለአንድ አፍታ ደስ ይለዋል፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ደስታው ያበቃል። ባልደረባው ኅዳርን በሃሌታው «ህዳር» ብሎ ከጻፈው ያው ወር ከመሐል ተነስቶ ሐምሌንም ቀድሞ ግንባር ላይ ይቀመጣል። መፍትሔው ከስሙ በፊት ቁጥር ማስገባት ነው፦ «01 ሐምሌ»፣ «02 ነሐሴ»። ዓመቱ ላይም «2018» ብቻ ማለት አይበቃም። ማሽኑ ፋይሉ የተነካበትን ቀን የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ፋይልም ጎኑ ላይ 2018 የሚል ቀን ይዞ ይገኛል። «ዓ.ም.» የምትለዋን መጨመር ምንም አያስከፍልም።

አሁን ወደምወደው ክርክር ልግባ፦ ፎልደር ሞቷል ወይስ አልሞተም?

ሞቷል የሚሉት ከሃያ ዓመት በፊት ጀምረዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 ለዴስክቶፕ የሚሆን ፍለጋ አወጣ፤ አፕል በ2005 ስፖትላይትን ተከለ። ማይክሮሶፍትም ዊንኤፍኤስ በሚል ስም ፎልደርን በዳታቤዝ የሚተካ ሥርዓት እያለመ ነበር፤ በ2006 ራሱ ተወው። የጉግሉም በ2011 ተዘጋ። በ2021 ዘ ቨርጅ የተባለው ድረ ገጽ ባወጣው ዘገባ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸው ፋይል «የት» እንዳለ ሲጠየቁ ጥያቄው ራሱ እንደማይገባቸው ተናግረዋል። በስልክ ያደገ ትውልድ ሁሉን አንድ ላይ ከምሮ ይፈልጋል እንጂ አይደረድርም። በዚያ ወገን ያሉት ይህን የእድገት ምልክት ያደርጉታል።

በሌላው ወገን ተመራማሪዎቹ ዲቦራ ባሮና ቦኒ ናርዲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት ሰዎች ፍለጋ እያላቸውም ፋይላቸውን ያስቀመጡበት ቦታ ሄደው ማግኘትን እንደሚመርጡ አሳዩ። ኦፈር በርግማንና ስቲቭ ዊታከርም ፍለጋው ከተሻሻለ በኋላ ጥያቄውን ደግመው አንስተው ወደዚያው መልስ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2015 በርግማን የተሳተፈበት የአእምሮ ምስል ጥናት በፎልደር ውስጥ መጓዝ በእውነተኛ ቦታ መንገድ ስንፈልግ የሚሠሩትን የአእምሮ ክፍሎች እንደሚያሠራ አመለከተ። ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ስም አይፈልግም፤ ይሄዳል።

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ከእነሱ ይለያል። ፍለጋ የሚሠራው ፈላጊውና ጸሐፊው አንድ ዓይነት ሲጽፉ ነው። አማርኛ ይህን አይሰጥም። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ «ሥ» በንጉሡም በእሳቱም ይጻፋል፤ «ሴ»ም እንዲሁ። ድምፁ ሳይለወጥ 24 አጻጻፍ ነው፤ ሁለቱን ቃል ማጋጠምና መለየት ሲጨመርበት 48 ይሆናል። ለዊንዶውስ እነዚህ 48 የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ዓመታዊ ዕቅድ» ብሎ ያስቀመጠውን «አመታዊ እቅድ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ምንም አልተገኘም» ይባላል፤ እሱም ፋይሉ ጠፋ ብሎ ሌላ ይጽፋል። በአማርኛ ላይ የሚሠሩ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣትን የመጀመሪያ ሥራቸው ካደረጉት ቆይቷል። የዊንዶውስ ፋይል መፈለጊያ ግን አያደርገውም።

የባሰው ሰነዱ ውስጥ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት ዶክተር አበራ ሞላ፣ ፍስሐ አጥላውና ሌሎችም በየፊናቸው ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ አስገብተው ነበር፤ ማን ቀደመ የሚለው ሙግት እስከዛሬ አልበረደም፣ እዚህ አልገባበትም። የጋራ ችግራቸው ግን ግልጽ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉት በቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ በዓይን ሲታይ አማርኛ ነው፤ በዲስኩ ላይ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ቢሮዎች እነዚህን ፎንቶች ለዓመታት አልተዉም። በእንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ «መሬት» የሚለውን ቃል ማንም የፍለጋ ማሽን አያገኘውም፤ ቃሉ እዚያ የለማ። ለእነዚህ ፋይሎች ያለው አድራሻ ፎልደራቸው ብቻ ነው።

ከዚህ ማጥ የወጡት ስም ትተው ቁጥር የያዙ ናቸው። በቅርባችን ያለው ምሳሌ ዳባት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው የሚያካሂደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን እየተከታተለ ሲመዘግብ ቤተሰቡንም ሰውንም የሚለየው በቁጥር ነው። በስም ቢሆን ኖሮ በአንድ ጎጥ ውስጥ ያሉትን ኃይለ ሥላሴዎች መለየት ባልተቻለ ነበር። የብራና መጻሕፍቱን ያዳነውም ይኸው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ተራ ቁጥር ሰጠ፤ ዊሊያም ማኮምበርና በኋላም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ዝርዝሩን ያወጡት በዚያ ቁጥር ነው። አንድ ተአምረ ማርያም ከሌላው በርዕሱ አይለይም፤ በቁጥሩ ይለያል። የአገራችን መዝገብ ቤትም ገቢና ወጪ ደብዳቤን በቁጥር ሲመዘግብ የኖረው ይህንኑ አውቆ ነው። ኮምፒውተሩ ሲመጣ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ቀረ እንጂ ወደ ማሽኑ አልተሻገረም። እዝባሩን በጭረት ተክቶ የደብዳቤውን ቁጥር የፋይሉ ስም መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ስምምነት ብቻ ነበር።

«ሁሉን ክላውድ ላይ አውጡት» የሚለውን ምክር በጥርጣሬ ነው የማየው። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን ወደ ራሱ ክላውድ ወደ ዋንድራይቭ ለማዛወር ይገፋፋል፤ በነፃ የሚሰጠው ግን 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለወራት ቆይቷል። ክላውድ ላይ ብቻ የተቀመጠ ፋይል በዚያን ጊዜ ለባለቤቱ የለም ማለት ነበር። ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» ውስጥ የሚያጠራቅሙትም ያው ናቸው። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስለመደው ደንብ ይሻላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሦስተኛው ቅጂ ጎንደር ያለ ዘመድ ዘንድ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ቢሆንም ደንቡ ይሞላል።

ማሽኑን ሊቀይር ወይም ፎርማት ሊያስደርግ የተዘጋጀ ቢሮ ከዲ በተጨማሪ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ቴሌግራም ያወረዳቸው ሰነዶች ያሉበትን ዳውንሎድስ ማውጣት አለበት። አንድ ፎልደር ግን ሁሌም ይረሳል፦ ሲ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፎንትስ። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ያሉት እዚያ ነው። ሲ ሲጸዳ አብረው ይጠፋሉ፤ ዲ ላይ በሰላም የተረፈው የዓመታት ደብዳቤም አዲሱ ማሽን ላይ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ነው። ፎንቶቹን ከሰነዶቹ ጋር ገልብጦ፣ ዋና ዋናዎቹን ደብዳቤዎች አሮጌው ማሽን ሳይነካ ፒዲኤፍ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። ፒዲኤፉ ፎንቱን በሆዱ ስለሚይዝ የትም ይነበባል፤ በውስጡ ያለውን ቃል መፈለግ ግን አሁንም አይቻልም።