ፌሮው ከላይ ነው ከታች?

ጣሊያናዊው የሳይንስ ሊቅ ጋሊሊዮ ጋሊሊ እ.ኤ.አ. በ1638 በሆላንድዋ የላይደን ከተማ በታተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚያትተው የምልልስ መጽሐፉ ውስጥ ስለ አንድ የእብነ በረድ ዓምድ አጭር ታሪክ አስፍሯል። ዓምዱ በሁለት ጫፎቹ ሥር ግንድ ተደርጎለት በአግድም ተኝቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ ባለሙያ ድንጋዩ በገዛ ክብደቱ ወገቡ ላይ እንዳይሰበር ሰጋና ሦስተኛ ድጋፍ ከመካከሉ ሥር እንዲገባ መከረ። ምክሩ መልካም መስሎ ስለታየ ተፈጸመ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ዓምዱ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ የተሰነጠቀውም ልክ ከአዲሱ ድጋፍ በላይ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር ከጫፍ ድጋፎች አንዱ በስብሶ ዝቅ ማለቱ፣ የመካከለኛው ግን እንደ ጠነከረ መቆየቱ ታወቀ። በዚህም የተነሣ የዓምዱ ግማሽ አካል የሚያርፍበት አጥቶ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለጨዋታ ያህል አይደለም። በዘመናችን የኮንክሪት ሕንፃዎች ውስጥ፣ በተለይም ከግድግዳ ወደ ውጭ በሚወጡ በረንዳዎች ላይ፣ ለሕይወት አስጊ የሆነ አንድ ስሕተት ከዚሁ ታሪክ ጋር የቅርብ ዝምድና ስላለው ነው።

ሆድና ጀርባ

አንባቢያችን ይህን መጽሔት በሁለት እጃቸው ጫፍና ጫፉን ይዘው ቢያጎብጡት ሁለት ነገሮችን ያስተውላሉ። የመጀመሪያው፣ አንዱ ገጽታው ሲለጠጥ ሌላው ሲኮማተር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተታቸውና ጠርዛቸው ደረጃ መሥራቱ ነው። ገጾቹ እርስ በርስ በሙጫ ቢጣበቁ ኖሮ መንሸራተቱ ይከለከልና መጽሔቱ እንደ ጣውላ ይጠነክር ነበር። እነዚህ ሁለት ክስተቶች ጭነት በተሸከመ ማንኛውም አግዳሚ አካል ውስጥ ይኖራሉ። በግንባታ ሥራ ቢም ብለን በምንጠራው የኮንክሪት ተሸካሚም፣ በጭቃ ቤት ጣሪያ ሥር በሚጋደመው የባሕር ዛፍ ወራጅም ውስጥ ያሉት እነርሱው ናቸው።

መሐንዲሶች የእነዚህን ክስተቶች መጠን የሚያሰሉበት ዘዴ ሲበዛ ቀላል ነው። ቢሙን በፈለጉት ቦታ ላይ በሐሳብ ይቆርጡትና ከተቆረጠው በስተግራ ያለው ክፍል ሳይወድቅና ሳይዞር ጸንቶ እንዲቆይ የቀኙ ክፍል ምን ሊያደርግለት እንደሚገባ ይጠይቃሉ። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ሁለቱ ቁራጮች እንደ መቀስ ስለት አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እንዳይንሸራተቱ የሚይዝ ኃይል ሲሆን፣ በሙያው ሺር ፎርስ ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ቆራጭ ኃይል እንለዋለን። ሁለተኛው ቁራጩ እንዳይዞር የሚገታ የማዞር ጉልበት ነው፤ ቤንዲንግ ሞመንት የሚባለው ይኸው ነው። እኛ አጉባጭ ሞመንት ብለነዋል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቢም በሁለት ጫፎቹ ግድግዳ ላይ አርፎ፣ የራሱን ክብደት ጨምሮ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 20 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 2 ቶን ገደማ ተሸክሟል እንበል። ጠቅላላ ጭነቱ 120 ኪሎ ኒውተን ስለሆነ እያንዳንዱ ግድግዳ 60 ይደርሰዋል። ከግራው ግድግዳ ተነሥተን ወደ ቀኝ ስንጓዝ ቆራጭ ኃይሉ ከ60 ይጀምርና በየሜትሩ 20 እየቀነሰ 3 ሜትር ላይ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ አቅጣጫውን ለውጦ ቀኝ ጫፍ ላይ እንደገና 60 ይደርሳል። አጉባጭ ሞመንቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጫፎቹ ላይ ዜሮ ሆኖ መካከል ላይ ከፍተኛ ይሆናል። የግድግዳው 60 ኪሎ ኒውተን በ3 ሜትር ሲባዛ 180፣ ከዚህ ላይ የግራው ግማሽ ጭነት 60 በ1.5 ሜትር ተባዝቶ የሚያመጣው 90 ሲቀነስ፣ መካከል ላይ የሚቀረው 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። የሁለቱ ተቃራኒነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ቆራጭ ኃይሉ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሞመንቱ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያድግ የሚነግረን ልክ ስለሆነ፣ እርሱ ዜሮ ሲሆን ሞመንቱ ማደጉን ያቆማል። የቢሙን ርዝመት ወደ 12 ሜትር ብናሳድገው ቆራጭ ኃይሉ እጥፍ፣ ሞመንቱ ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ሰፊ አዳራሽ የሚሠራ ሰው ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጋሊሊዮ ዓምድ እንመለስ። በሁለት ጫፎቹ ባረፈ ጊዜ መካከሉ ላይ ያለው ሞመንት ጠቅላላ ክብደቱ በርዝመቱ ተባዝቶ ለስምንት የተካፈለው ነበር፤ የሚለጠጠውም ከሥር ያለው ሆዱ ነው። አንደኛው የጫፍ ድጋፍ ሙሉ በሙሉ ሲከዳውና በመካከለኛው ድጋፍ ላይ ሲንጠለጠል ግን ግማሽ ክብደቱ በሩብ ርዝመቱ ይባዛል። ውጤቱ ያው አንድ ስምንተኛ ነው! መጠኑ ቅንጣት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገጹ ብቻ ነው። ቀድሞ ሆዱ ይለጠጥ ነበር፤ አሁን ጀርባው ይለጠጣል።

በነገራችን ላይ፣ ጋሊሊዮ ራሱ ከግድግዳ የወጣ ምሰሶን ጥንካሬ ሲያሰላ ምሰሶው በታችኛው ጠርዙ ላይ እንደሚዞርና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ እኩል እንደሚጎተት አድርጎ ወስዶ ነበር። በዚህም የተነሣ ያገኘው ጥንካሬ ዛሬ ከምንቀበለው ስሌት ሦስት እጥፍ የበለጠ ሆነ። ጨመቃውና ጉተታው እኩል መሆን እንዳለባቸው፣ በመካከላቸውም የማይለጠጥና የማይጨመቅ ገለልተኛ ንብርብር እንዳለ ፈረንሳዊው ፓራን እ.ኤ.አ. በ1713 ቢያሳይም፣ ዕውቀቱ መልክ ይዞ የመሐንዲሶች መማሪያ የሆነው ናቪየ እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት ነው።

ኮንክሪት ግን ገጽ ይመርጣል

ለእብነ በረድ ሆድና ጀርባ ልዩነት የላቸውም። ለኮንክሪት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ፣ ሲጎተት ደካማ ነው፤ የመጎተት አቅሙ የመጨመቅ አቅሙን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ፌሮ የሚገባውም ይህንን ድክመት ለመሸፈን ነው። ስለዚህ ፌሮው ዋጋ የሚኖረው በሚለጠጠው ገጽ አጠገብ ሲቀመጥ ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል በተዘረጋ ሶሌታ ላይ የሚለጠጠው ሆዱ በመሆኑ ዋናው ፌሮ ከታች ይተኛል። ከግድግዳ ወደ ውጭ በወጣ በረንዳ ላይ ግን የሚለጠጠው ጀርባው ነው፤ ፌሮውም ከላይ መሆን አለበት።

1.5 ሜትር ወደ ውጭ የወጣና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረንዳ እንውሰድ። የራሱን፣ የንጣፉንና የሰዎቹን ክብደት ደምረን በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ኒውተን ብንይዝ፣ አንድ ሜትር ወርድ ያለው ቁራሽ 12 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። ይህ ክብደት በአማካይ ከግድግዳው 0.75 ሜትር ርቆ ስለሚገኝ በረንዳው ከግድግዳው በሚወጣበት ቦታ ላይ 9 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት ይፈጠራል። ይኸው ቁራሽ ግራና ቀኙ ቢደገፍ ኖሮ ትልቁ ሞመንት 2.25 ብቻ ይሆን ነበር። እንግዲህ በረንዳ በተመሳሳይ ርዝመትና ጭነት አራት እጥፍ ሞመንት የሚሸከም፣ ያንንም በአንድ ጫፉ ብቻ የሚሸከም የሕንፃ አካል ነው። አንድ ጫፉ ቢዳከም የሚያግዘው ሌላ የለም።

ከዚህ በኋላ የሙሌቱን ቀን እናስብ። ፌሮው በትክክል ታስሮ፣ ከካሳ ፎርማው 12.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሠራተኞች ባሬላ ተሸክመው ይመላለሱበታል፤ ቫይብሬተሩም ይጎተትበታል። የላይኛውን ፌሮ ከሥር ደግፎ የሚይዝ ነገር በበቂ መጠን ካልተደረገ በየእርምጃው ዝቅ ይላል። 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሰምጥ የሚቀረው ከፍታ 7.5 ነው፤ የበረንዳው የመሸከም አቅም 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። እስከ ታች ከሰመጠ ደግሞ በረንዳው ፌሮ እንደሌለው ይቆጠራል። የሚይዘው ያ ደካማው የኮንክሪት የመጎተት አቅም ብቻ ነው። የተገዛው ፌሮ ቁጥሩ አልጎደለም፤ ደረሰኙም ትክክል ነው፤ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላም ከውጭ ሲያዩት ከደኅናው በረንዳ አይለይም። በእኛ አስተያየት በአንድ ሕንፃ ላይ ከሚደረጉ ቁጥጥሮች ሁሉ፣ ከሙሌት በፊትም በሙሌት ጊዜም፣ በሜትር ይህን ከፍታ መለካትን ያህል ርካሽና ጠቃሚ የለም።

ቆራጩ ኃይል የሚመጣው ሳይታሰብ ነው

አጉባጭ ሞመንት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። በአግባቡ የተነደፈ ቢም ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ፌሮውም ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ቆራጭ ኃይል እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። በድጋፍ አጠገብ ሰያፍ ስንጥቅ ይፈጥርና ድንገት ያፈርሳል። ይህን ሰያፍ ስንጥቅ አቋርጦ የሚሰፋው ስታፋ ነው። ፈረንሳዊው ኤነቢክ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ባገኘበት የኮንክሪት ቢም ውስጥ ስታፋ ገብቶ ነበር። ስታፋዎች በቢሙ ጫፎች አካባቢ ተቀራርበው፣ መካከል ላይ ተራርቀው የሚታሰሩበትም ምክንያት ከላይ ባየነው ስሌት ውስጥ አለ፤ 60 ያለው ጫፍ ላይ፣ ዜሮው መካከል ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሥራ ለማፍጠን ሲባል ስታፋ ሁሉ በእኩል ርቀት ሲታሰር፣ የከፋውም ጊዜ ለማሰር የማይመቸው ጫፉ ላይ ሲዘለል ይታያል።

የካናዳው ላቫል ከተማ አደጋ ለዚህ መራር ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ለትራፊክ የተከፈተው የደ ላ ኮንኮርድ ማሳለጫ ድልድይ መካከለኛ ክፍሉ ከግራና ከቀኝ ወደ ውጭ በወጡ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ውፍረት ባላቸው የኮንክሪት ሶሌታዎች ጫፍ ላይ ያረፈ ነበር። መስከረም 30 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. እኩለ ቀን ካለፈ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከእነዚህ ሶሌታዎች አንዱ በቆራጭ ኃይል ተሰብሮ ድልድዩ ከሥሩ ባለው አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ። 5 ሰዎች ሞቱ፤ 6 ሰዎች ቆሰሉ። ከአንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የኮንክሪት ፍርስራሽ መንገዱ ላይ መውደቁ ተነግሮ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ ፍርስራሹን አንሥቶ ነበር፤ ድልድዩ ግን አልተዘጋም።

በቀድሞው የኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር በፒየር ማርክ ጆንሰን የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ2007 ባቀረበው ሪፖርት ምክንያቱ አንድ ብቻ አለመሆኑን ገልጿል። ወፍራሙ ሶሌታ ቆራጭ ኃይልን የሚቋቋም ስታፋ አልነበረውም፤ በጊዜው የነበረው የንድፍ ደንብም ይህን አላስገደደም። ጭነቱን ከጫፉ ወደ ላይኛው ፌሮ ማስተላለፍ የነበረባቸው የታጠፉ ብረቶች ደግሞ በግንባታው ጊዜ ከቦታቸው ውጭ ተቀምጠው፣ ከዋናው ፌሮ ጋር በአግባቡ ሳይቆላለፉ ቀሩ። በዚያ ክፍተት የተጀመረው ስንጥቅ በበረዶና በጨው ታግዞ ለዓመታት ሲያድግ ከውጭ የሚያየው አልነበረም። ልብ እንበል፤ እዚህም ብረቱ አልጎደለም፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው የጎደለው።

ከተገነባ በኋላ የሚጨመር

የበረንዳው ስሌት ቤቱ ተጠናቆ ሰው ከገባበት በኋላም አያበቃም። በረንዳው ዘመም ያለ የመሰለው ባለቤት ለጥንቃቄ ሲል ከጫፉ ሥር ምሰሶ ያቆምለታል። ይህ እንደ ጋሊሊዮው ባለሙያ ምክር ነው፤ ምሰሶው ከግድግዳው አጠገብ ያለውን ሞመንት ይቀንሳል፣ ነገር ግን በረንዳው መካከል ላይ ፌሮ ያልተደረገለት ሆዱ እንዲለጠጥ ያደርጋል። በግንባታ ጊዜም ድጋፍ እንጨቶች ሲነሡ ከውጭው ጫፍ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የጫፉ እንጨት በመጨረሻ ቢነሣ በረንዳው ለጥቂት ጊዜ ግራና ቀኙ እንደ ተደገፈ ሶሌታ ይሠራል፤ እርሱ ግን ለዚያ አልተዘጋጀም።

ከዚህ ይልቅ የተለመደው በረንዳውን በብሎኬት ዘግቶ ክፍል ማድረግ ነው። ከጫፉ ላይ የሚቆመው ግድግዳ ከነልስኑ በእያንዳንዱ ሜትር 6 ኪሎ ኒውተን ቢመዝን፣ ከላይ ባሰላነው በረንዳ ላይ ቆራጭ ኃይሉ ከ12 ወደ 18 ኪሎ ኒውተን ያድጋል። ግድግዳው የሚያርፈው ግን 1.5 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ብቻውን 9 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይጨምራል፤ አጉባጭ ሞመንቱም ከ9 ወደ 18 ይወጣል። ቆራጩ በግማሽ ሲጨምር አጉባጩ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ የሆነው ፌሮው በፕላኑ በተጻፈለት ከፍታ ላይ ተቀምጧል ብለን ነው። በሙሌቱ ቀን ተረግጦ 5 ሳንቲ ሜትር ከሰመጠ፣ እጥፍ የሆነውን ሞመንት የሚሸከመው 60 በመቶ ብቻ የቀረው አቅም ነው።